ሬዲዮ የጠራቸው ስሞች

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይህን ሲሉ ሬዲዮ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ተረቱን ትንሽ ያጠብቁት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሬዲዮ እኮ ቃልን በአንድ ጊዜ ለሚሊዮን ጆሮ አድርሶ በዚያችው ቅጽበት ያጠፋዋል። ጋዜጣ ቢያንስ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይከርማል፤ ከስኳር መጠቅለያ ላይ ያነበብኩት ታሪክ ጥቂት አይደለም። ትናንት ማታ በሬዲዮ የሰማነው ጨዋታ ግን ዛሬ ጠዋት ከወዴት ይገኛል?

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለ ሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ስለ ዜናው አይደለም፤ ለዜናው ተቆርቋሪ ሞልቶለታል። እኔ የምለው ስለዚያ ዘፈን እያስከተለ በመሐል ጨዋታ ጣል ስለሚያደርገው፣ «እገሌ ከደሴ፣ እገሊት ከኮምቦልቻ መርጠውታል» እያለ ደብዳቤ ስለሚያነበው አስተዋዋቂ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወሎ በአገርም በዓለምም ሬዲዮ ስሙ የተነሣው አብዛኛውን ጊዜ በረሃብና በጦርነት ነው። የወሎ ተራ ሰው በገዛ ስሙ፣ በገዛ ምርጫው፣ በደስታና በናፍቆት የተጠራበት ሰዓት ቢኖር ይህ የዘፈን ምርጫ ሰዓት ነው። ስለዚህ ታሪክ ነው፤ እንደ ታሪክም መያዝ አለበት እላለሁ።

እስኪ ከሥሩ እንነሣ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተጀመረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አቃቂ ላይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ ለዓለም ንግግር አደረጉ፤ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት። የውጭ ጋዜጠኞች እዚያው ስለነበሩ የደሴ ስም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። እንግዲህ ደሴ ከዓለም ዜና ጋር የተዋወቀችው እንዲህ ነው፤ በእሳት።

ከነፃነት በኋላ ሬዲዮ ቀስ እያለ ወደ ሆቴሉና ወደ ሻይ ቤቱ፣ ኋላም ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በየቤቱ ከሚከበሩት ዕቃዎች አንደኛው ሆነ። ዳንቴል ይለብሳል፤ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል፤ አባወራው ካልፈቀደ አይነካም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነፍስ ይዘራል ተብሎ ይጠበቃል። (የዘንድሮ ልጆች «ምን ድንጋይ?» እንዳትሉኝ፤ ባትሪውን ነው።) ደሴ ደግሞ የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ መተላለፊያ በመሆኗ የሁለቱን ጫፍ ሙዚቃ ትቋደስ ነበር። አስመራ ላይ የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ሾፌሩና ወታደሩ ከዚያ የሰማውን ዜማ እያፏጨ ይመጣል። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ብሥራተ ወንጌል ሥራ ጀመረ። ማታ ማታ ደግሞ የመካከለኛው ሞገድ ከሰማይ እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ የኦምዱርማን ዘፈን እኛ ቤት ድረስ ይገባል። ቃሉ ባይገባንም ዜማው የእኛን ባለአምስት ድምፅ ስለሚመስል እንደ ዘመድ ነበር የምንሰማው።

በዚያው በ1955 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የፊሊፕስ ኩባንያ አንዲት ትንሽ ነገር ለገበያ አወጣ፤ ካሴት። ወደ እኛ አገር ገብታ ሸክላውን እስክታስወጣው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅታለች። ስትገባ ግን አንድ ትልቅ ለውጥ አመጣች። እስከዚያ ድረስ አድማጭ የሆነው ሰው መቅዳት ጀመረ። ከሬዲዮው የሚወጣውን ድምፅ የሚያስቀር የመጀመሪያው ወጥመድ በተራው ሰው እጅ ገባ ማለት ነው።

በደርግ ዘመን የዘፈን ምርጫን ያልሰማ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ዘፈኑ በሳንሱር አልፎ የመጣ ነው፤ አስተዋዋቂውም እንደልቡ አይናገርም። ታዲያ ነፃነቱ የት ነበር ብትሉኝ፣ በስሞቹ ውስጥ ነበር እላለሁ። አንድ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ዘለግ ያለ የስም ዝርዝር ይነበባል። ከእናት ለልጅ፣ ከልጅ ለአስተማሪ፣ ከእህት ለወታደር ወንድም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ የወታደሩ ስም እየበዛ ሄደ። የፍቅር ዘፈን ተብሎ በሳንሱር ያለፈው ዜማ፣ ፊቱ በተነበበው ስም ምክንያት፣ እናት ስትሰማው ሌላ ዘፈን ይሆናል። አስተዋዋቂው አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር አገሩ ምን ላይ እንዳለች ያሰማ ነበር። ዘፈኑን ብቻ ካሴት ቤት ሄዳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያንን የስም ዝርዝር ግን የትኛውም ካሴት ቤት አይሸጥም።

ስለ ሙዚቃው ካነሣን አይቀር፣ ወሎ ለሬዲዮ ባለውለታ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የቦታ ስማቸው እዚሁ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ ቆላው ሲወረድ። ትዝታንም ራሱን የወሎ ቅኝት የሚሉት አሉ። ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜመው የሰማ ሰው የቅኝቱን ባለቤት አይጠይቅም። በቋንቋችን ውስጥ «ባቲ» ሲባል ግማሹ ሰው ገበያውን፣ ግማሹ ክራሩን የሚያስበው ለዚህ ነው።

እናም የ1977ቱ ረሃብ መጣ። ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣው ፊልም በቢቢሲ ታየና ዓለም ተንቀጠቀጠ። የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ዘፈን አወጡ፤ ርዕሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቁ ኮንሰርት ተደረገ። እህሉ መጥቷል፤ ነፍስም ድኗል፤ ምስጋናውን አልነፍግም። ነገር ግን አስቡት፤ ገናን በላሊበላ ቤዛ ኩሉ የሚያከብር፣ መውሊድን በመንዙማ የሚያደምቅ ሕዝብ፣ ገናን ታውቃለህ ወይ ተብሎ በዓለም ሬዲዮ ሁሉ ተጠየቀ። መልስ የሚሰጥበት ሬዲዮ አልነበረውም። የራሱን አምባሰል ያሰማለት ባዕድ ዲጄ ካለ እኔ አልሰማሁም። የወሎ ሰው ምስሉ እንጂ ስሙና ድምፁ አልተላለፈም። በዚያው ሰሞን ግን እዚህ፣ በአገሩ ሬዲዮ፣ የአንድ የደሴ ተማሪ ስም ከአንድ ዘፈን በፊት ይነበብ ነበር። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ትንሹ ነገር ትልቅ ሆኖ ይታየኛል።

በነገራችን ላይ፣ የተቀዳ ስርጭት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ማየት የሚፈልግ ሰው ወጋየሁ ንጋቱን ያስታውስ። በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ተረከው። ወጋየሁ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ትረካው ግን ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ዛሬም የታክሲ ሾፌሩ ይሰማዋል። ለምን? ቴፑ ስለተቀመጠ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚያ ኤፍ ኤም መጣ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። አስተዋዋቂው ከወረቀት ተላቆ እንደ ልቡ መጫወት የጀመረው ያኔ ነው። ተፈሪ ዓለሙ በ«ትዝታ ዘአራዳ» የድሮውን ጨዋታ ከድሮው ዘፈን ጋር እያዋዛ አሰማን። ብርሃኑ ድጋፌ በ«ለዛ» አድማጩ የዓመቱን ምርጥ ዘፈን በድምፁ እንዲሸልም አደረገ። ፈረንጆቹ አገር ዲጄው ያለ ዝርዝር፣ ያለ አለቃ፣ የወደደውን ከወደደው እያጋጠመ የሚያጫውትበት የቆየ ልማድ አለ። የእኛዎቹም በራሳቸው መንገድ ወደዚያው ቀርበዋል፤ የእኛዎቹ ልዩነት ወሬው ከዘፈኑ እኩል መሆኑ ነው። ኢትዮጵያዊ ያለ ወግ ዘፈን አይጥመውም።

ደሴም የፋናንና የአማራ ሚዲያን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አገኘች። ኤፍ ኤም ተራራ አይወድም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከጦሳ ሥር የተኛችውን ደሴን ትቶ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ስትሳፈሩ ጣቢያው አንዱ ኩርባ ላይ ጥፍት፣ ሌላው ላይ ብቅ ይላል። ሾፌሩ ጣቱን ከመፈለጊያው ላይ አያነሣም። ግን የተገኘው ነገር ትልቅ ነበር። ደብዳቤው በስልክ ተተካ። ደዋዩም ከሆጤና ከቧንቧ ውሃ ብቻ አልሆነም፤ ከጂዳና ከሪያድ መደወል ተጀመረ። ደቡብ ወሎ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከላኩት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየአውቶቡሱ ወደ ወሎ የገባውን ወጣት ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የእነዚያ ልጆች ድምፅ የት ነበር? አሠሪዋ ስትተኛ ተደብቃ ደውላ፣ ለእናቷ አንድ ዘፈን መርጣ፣ «እማ፣ ደህና ነኝ» ያለችው ልጅ ድምፅ? በሬዲዮ ነበር። አልፏል።

አሁን ወደ ካሴቷ ልመለስ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ አውቃለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ከተቀጠሩት ናቸው። ከማታ ፈረቃ በማይገቡበት ቀን ሬዲዮ ካሴታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ የዘፈን ምርጫ ሲጀምር ቀዩን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። በዚህ ዓይነት ያጠራቀሙት ካሴት አንድ የሣሙና ካርቶን ይሞላል። ብዙው ገበያ የተገዛ የዘፈን ካሴት ነበር። ፋብሪካ የቀዳውን ካሴት እንዳይደመሰስ ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበራሉ፤ እሳቸው ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ደፍነው ከላዩ ላይ ሬዲዮ ይቀዱበታል። የአንዱ ዘፋኝ ዘፈን አልቆ በመሐል የሬዲዮው ድምፅ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ደረሰ። ጥቅምት 20 ቀን የሕወሓት ኃይሎች ደሴ ገቡ፤ ኮምቦልቻም ተከተለች። እስከ ኅዳር 27 ቀን፣ ማለትም ከአምስት ሳምንት በላይ፣ ሁለቱ ከተሞች በዚያ ሁኔታ ቆዩ። የደሴ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሙዚየም መዘረፋቸው በወቅቱ ተዘግቧል። የሙዚየሙ ቅርስ ሲነሣ ሁላችንም አዘንን፤ ደግሞም ይገባል። የየቤቱን ሙዚየም ግን ማን ቆጠረው? እኒያ ጡረተኛ ሸሽተው ሲመለሱ ቤታቸው ተበርብሯል። ቴሌቪዥኑም ቴፑም የለም። ካርቶኑ ተዘቅዝቆ ካሴቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ አንዳንዱ ተረግጧል።

«ቴፑን ወሰዱት፤ ካሴቱን ግን ደፍተውት ሄዱ» አሉኝ።

«እንኳን ተረፈልዎት አባባ» አልኳቸው።

«ለእነሱማ ምን ያደርግላቸዋል ልጄ? ያለበት እኮ የእኛ ስም ነው።»

አንዷን ካሴት መርጠው ሰጡኝ። ላይዋ ላይ «1980» የሚል በእስክሪብቶ ተጽፎባታል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ ከሚጠግን ሰው ዘንድ የሚሠራ ቴፕ አገኘሁና ይዣቸው ሄድኩ። ክሩ ላልቶ ስለነበር ጠጋኙ በእርሳስ ቀስ ብሎ አጠነጠነው። መጀመሪያ ጭረት ብቻ ነው። ቀጥሎ አስተዋዋቂው መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ፊደሉን የማይውጥ የድሮ ድምፅ። አምስት ወይ ስድስት ስም አነበበ። ከእነዚያ መካከል የእሳቸው ስም «ከኮምቦልቻ» ተብሎ፣ ቀጥሎም በሰሜን ግንባር የነበረው የታናሽ ወንድማቸው ስም ከነአባቱ ተጠራ። ወንድምየው አልተመለሰም። ሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀትም ለቤተሰቡ አልደረሰም። መቃብሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዚህ ምድር ላይ የዚያ ልጅ ስም ለሕዝብ ሁሉ በይፋ የተነገረበት ማስረጃ ያቺ የላላች ክር ናት። ጠጋኙ ሥራውን አቁሞ ነበር የሚሰማው። ሽማግሌው ግን አላለቀሱም፤ «ዘፈኑን እለፈው፤ ከፊቱ ያለውን መልስልኝ» ብቻ አሉ። ጠጋኙም «ደጋግመን ካጫወትነው ይበጠሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ስልክ እንቅዳውና ከዚያ እንደፈለጉ ይስሙት» አላቸው። እኔ ስለ ቤተ መዛግብት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ነገር የሌላው አገር ሰው ቀድሞን አስቦበታል። ጎረቤታችን ሀርጌሳ በ1980 ዓ.ም. በዚያድ ባሬ መንግሥት ስትደበደብ የሬዲዮው ሰዎች ቴፖቹን መሬት ቆፍረው ቀበሯቸው። ዛሬ ከዚያ ዘመን የተረፈው ካሴትና ቴፕ በከተማዋ የባህል ማዕከል በሺህ እየተቆጠረ ተቀምጧል። የጊኒ ብሔራዊ ሬዲዮ ከ9 ሺህ በላይ ዘፈኖች በብሪቲሽ ላይብረሪ ፕሮግራም ድጋፍ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጠዋል። የእንግሊዙ ጆን ፒል ከ1967 እስከ 2004 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቢቢሲ የወደደውን ሙዚቃ ሲያጫውት ኖረ። ሀብታሙ ቢቢሲ እንኳ ሁሉንም ስርጭት አላስቀመጠም። ከጠፋው ብዙው እንደገና የተገኘው በአድማጮች መኝታ ቤት ከተቀዱ ካሴቶች ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻው የሣሙና ካርቶን የድሃ አገር ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል።

የመጀመሪያው ለደሴ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ነው። የምታስተላልፉትን አስቀምጡ። ድሮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ጣቢያዎች አንዱን ደምስሰው በሌላው ላይ ይቀዱ ነበር፤ ምክንያታቸው ይገባኛል። ዛሬ ግን አንድ ሰዓት ስርጭት በመጠነኛ ጥራት ከ60 ሜጋባይት አይበልጥም። በኪስ የሚያዝ አንድ ቴራባይት ዕቃ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ የሁለት ዓመት ያህል ስርጭት ይይዛል። ሁለት ገዝቶ አንደኛውን ሌላ ከተማ ማስቀመጥ ነው፤ ለምን ሌላ ከተማ እንደሆነ ለደሴ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሁለተኛው ለወሎ ዩኒቨርሲቲና ለብሔራዊ ቤተ መዛግብታችን ነው። ቤተ መዛግብቱ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ሲቋቋም የአገርን መዝገብ እንዲሰበስብ ነው። መዝገብ ወረቀት ብቻ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ሁለት የሚሠሩ ቴፖች፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ስም የሚመዘግብ አንድ ትጉህ ልጅ ይበቃል። «የቅጂ መብትስ?» የሚል ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኙንም የጣቢያውንም መብት ይጠብቃል፤ ደግም ያደርጋል። ማስቀመጥ ግን መሸጥ አይደለም። ማንም ዘፈኑን ነግዱበት አላለም፤ ስሞቹን አትርፉ ነው የምንለው።

ሦስተኛው ለእኔና ለእናንተ ነው። አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አርቁት፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ይደመስሰዋል። ላይዋ ላይ የምታስታውሱትን ዓመትና ቦታ ጻፉበት። ጀርባው ላይ የደፈናችሁትን ወረቀት አውጡ፤ ጥርሱ ያልተሰበረ ካለም ስበሩት። ድሮ የሚያሰጋን «አዲስ ዘፈን ልቅዳበት» የሚል ጎረምሳ ነበር። አሁን ጎረምሳው ካሴት ምን እንደሆነም አያውቅም፤ የሚያሰጋን በዓል ሲደርስ ቤት ስናጸዳ የምንጥለው ነው። መጪው በዓል ሲደርስ ካርቶኗን ከመጣላችሁ በፊት በውስጧ የማን ስም እንዳለ አንድ ጊዜ አዳምጡ።